በእግር የሚገባበት ደሴት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ ተመሥርቶ በልሳነ ምድር ላይ የቀረ ገዳም ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ወረድ ሲባል ውሃው ከዛፎቹ መካከል ብቅ ይላል። ገዳሙ የተተከለበት መሬት በጥንት ዘመን አራቱም ማዕዘኑ በውሃ የተከበበ ነበር። ውሃው እየሸሸ በአንድ በኩል መሬት ወጣ፤ ዛሬ ጫማውን ሳያርስ በእግሩ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። የቦታው ታሪክና ሥርዓት ግን እስከ አሁን የደሴት ነው። ስለዚህ በጀልባ መጥቶ ግማሽ ቀን የሚያሳልፍ ጎብኚም ሆነ ከዳር በእግሩ የሚገባ መንገደኛ የሚያየው ቦታ አንድ ቢሆንም፣ በውሃ የመጣው የተሻለ ይረዳዋል።

በደቡብ ወሎ ምዕራብ ካለችው ከመካነ ሰላም ለሚነሳ ሰው ሐይቅ የመጀመሪያው ደሴት አይደለም። ምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ ራሱ በገደል የተከበበ ደሴት ነው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወለቃ መሬቱን ቆርጠውታል። ከቦረናም ሆነ ከሳይንት ወደ ጎረቤት አገር ለመሻገር ቆላ መውረድ፣ ወንዝ መሻገር፣ ከዚያም የወረዱትን ያህል ዳገት መውጣት ግድ ነው። (ይህ ቦረና የወሎው ቦረና ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው ጋር ስሙ እንጂ ቦታው አይገናኝም።) መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የተቀመጠች የቦረና ከተማ ናት። ዓባይን ተሻግሮ ወደ መርጡለ ማርያም የሚያወጣ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ከጎጃም ጋር የሚያገናኛት የበቅሎና የእግር መንገድ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ መሬት የሚፈሩትንም የሚወዱትንም ሰብስቦ ያኖራል። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር የኦሪት መሥዋዕት ከቀረበባቸው አራት ቦታዎች አንዷ እንደሆነች ትውፊት ይናገራል፤ አፄ ገላውዴዎስም በ16ኛው መቶ ዘመን ብዙ ያደረጉላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከበሽሎ ወዲህ ያለችውን መቅደላን አፄ ቴዎድሮስ የመረጧት በአንድ ምክንያት ነው፤ ዙሪያዋ ገደል ስለሆነ። ገደሉ ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የእንግሊዝን ጦር አላቆመም። ስለ መቅደላ መጻሕፍት በኋላ የሚነሳ ነገር አለና ይህን ቀን ማስታወስ ይጠቅማል።

የደጋው ደሴትነት በደንብ የሚታየው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ነው። ሕዝቡ ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ከመካነ ሰላም ብዙም አይርቅም፤ በጠዋት የወጣ ሰው ሳይረፍድበት ይደርሳል። ከታች ወይራው፣ ጽዱና ኮሶው ጥቅጥቅ ብለው ይቆማሉ፤ ከፍ ሲባል አስታው ይረከባል፤ ከዚያ በላይ ጓሳው ሜዳውን አልብሶት፣ ጅብራው በመካከል እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። በየገደሉ አፋፍ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ቀረብ ብሎ የተመለከተው ሰው ጣቶቹ እንዴት እንደሚፈጥኑ ያያል፤ አንዱ እጅ ሲነጭ ሌላው ያቀብላል፣ አፉ አያርፍም፣ ዓይኑ ግን ከሰው ላይ አይነሳም። ሲደነግጥ ቀጥ ያለውን ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ማታም እዚያው ገደሉ ላይ ያድራል። ቀይ ቀበሮም በዚህ አካባቢ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ተለያይተው የቀሩ ናቸው። የአንዱ ተራራ ቀበሮ ከሌላው ተራራ ቀበሮ ጋር አይገናኝም፤ በመካከላቸው ያለው ቆላና እርሻ ለእነሱ እንደ ባሕር ነው። ቦታው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፓርክ ተብሎ ጥበቃ ባይደረግለት ኖሮ እርሻው ጓሳውን ይጨርሰው እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ማሳው ዛሬም እስከ ጫካው ጥግ ይደርሳል።

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ መናኸሪያውን የሚለቀው ገና ሳይነጋ ነው፤ ጋቢና ነጠላ የደረቡ ሰዎች በፌስታል ቆሎና ዳቦ ይዘው ይሳፈራሉ። መንገዱ በለጋምቦ አቀስታ በኩል እየወጣ፣ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን አምባ ፈሪትን ከሩቅ እያሳየ፣ ጉጉፍቱ ላይ ደርሶ ብርዱን ያቀምሳል። ጉጉፍቱ ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም። ከዚያ ወደ ደሴ መውረድ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲቀጠል ቦሩ ሜዳ በአካባቢው አለ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነበር። የወረሂመኖው ባላባት መሐመድ ዓሊ ከጉባኤው ጋር በተያያዘ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እሳቸው ናቸው። መንገደኛው ሳያስተውለው ከወረሂመኖ ደጋ የወጣው ታሪክ እስከ ሐይቅ ዳርቻ ይከተለዋል።

የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ወደ አፋር የሚወርደው ተረተር ሲሰነጠቅ በሰመጠው መሬት ላይ የተኛ ውሃ ነው። ስፋቱ ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ሌላ ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል። ውሃው መውጫ የለውም፤ የሚገባው ዝናብና ጅረት፣ የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው በትነት ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ የዝናቡንና የሰዉን ነገር ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ዝናብ ሲያንስ፣ በዙሪያው ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ ሲበዛ፣ ዳሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ደሴቱን ከየብስ ጋር ያገናኘውም የውሃው እንዲህ መሸሽ ነው።

የአገሬው ሰው ስለ ሐይቁ መፈጠር የሚያወራው ሌላ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት ይላል ትውፊቱ። እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን መሬት ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከወገኖቿ ጋር ሰጠመች። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቁራጭ መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ደሴቱም ያ ነው። በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚነካ ነገር አለ። የተበደለች ሴት የተቀመጠችበት መሬት ነው የሚባለው ይኸው ቦታ፣ ዛሬ በገዳሙ ሥርዓት ሴት የማትገባበት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ማብራሪያ በትውፊቱ ውስጥ አይገኝም። ሴቶች ጎብኚዎች ገዳሙን ከጀልባ ላይ ሆነው ያያሉ፤ ከሐይቁ ዳር ሆነውም ይሳለማሉ።

ጀልባው የሚነሳው ከዳርቻው መዝናኛዎች ነው። ፊላው በሁለት በኩል ቆሞ ጠባብ መውጫ ይተዋል፤ ባለ ጀልባው በዘንግ እየገፋ እስኪያልፈው ድረስ ሞተሩን አያስነሳም። ፊላው ሲያልቅ ውሃው ወዲያው ይጨልማል፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ የነበረው ጥቂት ራቅ ሲባል ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ከጀልባው በታች መሬቱ ቁልቁል መውረዱን ቀለሙ ይናገራል። ዳክዬዎች ተንጋግተው ይነሳሉ። መረብ የጣሉ ዓሣ አጥማጆች በትንንሽ ታንኳ ተቀምጠው ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚያው ውሃ ላይ ነው የሚሠራው፣ ዓሣውን የሚሸጠውም በአንድ ገበያ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዛፍ የተሸፈነው የገዳሙ መሬት ፊት ለፊት ይመጣል። ከውሃ ላይ ሲታይ ከየብስ ጋር ያገናኘው አንገት አይታይም። ለዚያች ጥቂት ጊዜ ቦታው እንደ ድሮው ደሴት ነው።

ድሮ መሻገሪያው ምን እንደነበር ጽፎ ያቆየልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ ባየው ላይ በጻፈው መጽሐፍ፣ የሐይቅን ደሴትና የእስጢፋኖስን ገዳም ይጠቅሳል። መነኮሳቱ የሚሻገሩት ከቄጠማ በተሠራ፣ በአራቱ ማዕዘን ትልልቅ ቅል በታሰረለት ጠፍጣፋ ታንኳ እንደነበር ገልጿል። ቅሉ እንዳይሰጥም ይይዘዋል፤ ቄጠማው ይሸከማል። ከእሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ጦሩ ደሴቱን ለመያዝ መሻገሪያ እስከማሠራት ደርሶ ነበር። በመጨረሻ መነኮሳቱ የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት አስረክበው ቦታው እንዳይጠፋ ለመኑ። ለዘመናት ገዳሙን የጠበቀው ውሃ ያን ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው ያስገኘላቸው።

ሀብቱ ሲወሰድ ገዳሙ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የአገሪቱ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሮ ነበር። በደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በ9ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ድልናዓድ ጊዜ እንደሆነ ትውፊት ይናገራል። ገዳም አድርገው ያቆሙት ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። በዳህና ተወልደው፣ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ እጅ መንኩሰው፣ እዚያም ጽሕፈት ተምረው ወደ ሐይቅ መጡ፤ በ1240 ዓ.ም ገደማም አበምኔት ሆኑ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መጻሕፍትን በእጃቸው እየገለበጡ ተማሪ ሰበሰቡ። በገደል ላይ ያለው የዳሞ ትምህርት በውሃ ወደተከበበው ሐይቅ የተሻገረው በእሳቸው ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። በ1262 ዓ.ም የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክም ከኢየሱስ ሞዐ ጋር የነበራቸው ቃል ኪዳን በገድላት በሰፊው ይተረካል። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ ይዞ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ከሚሰሙት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀዳሚ ሆኖ ነበር። የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

በዚህ ደሴት ላይ ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው ነገር መጽሐፍ ነው። ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም አራቱን ወንጌላት አስጽፈው ለገዳሙ ሰጡ። በመጽሐፉ ውስጥ የእሳቸው ሥዕል አለ፤ በሕይወት ሳሉ የተሳለ ነው። ከኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎች መካከል ዓመቱ በትክክል የሚታወቅ፣ የሰጪውን መልክ የያዘ እንዲህ ያለ ጥቂት ነው። ሠዓሊው መልኩን እንደ ዛሬ ፎቶግራፍ ልቅም አድርጎ ለመያዝ አልሞከረም፤ ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ይመለከታሉ፣ ልብሱ በቀለም ሰረዝ ተከፋፍሏል። ግን ይህ ሰው በዚህ ቦታ ኖሮ፣ ይህን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ነበር ብሎ ማሰብ ለተመልካቹ በቂ ነው። በመጽሐፉ ባዶ ገጾች ላይ ደግሞ ለገዳሙ ስለተሰጡ ነገሮች የተጻፉ ማስታወሻዎች አሉ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ፎቶ ሲያነሳው 1832 የሚል ቁጥር ሰጠው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች የሚያውቁት በዚህ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ መቅደላ መመለስ ይገባል። አፄ ቴዎድሮስ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ አሰባስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት እስከ 1,000 ይደርሱ ነበር ይባላል። ጦሩ አምባውን ሲይዝ ተዘረፉ፤ 350 ያህሉ ለንደን ደረሱ፣ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በሳይንትና በመቅደላ አካባቢ የሚኖር፣ የአባቶቹን መጽሐፍ በአካል ማየት የሚፈልግ ሰው ቪዛ መጠየቅ አለበት። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ግን ከ740 ዓመት በኋላም በተሰጠለት ገዳም ነው ያለው። አንድን መጽሐፍ በተጻፈበት ምክንያትና በተጻፈለት ቦታ ማየት በሙዚየም መስታወት ውስጥ ከማየት የተለየ ነው። ውጭ ውሃው አለ፣ ደጁ ላይ ተማሪው ያዜማል፣ ቅዳሴውም እዚያው ይቀደሳል።

ከሐይቅ የወጣው ትምህርት ወደ ሌላው ሐይቅም ሄዷል። በጣና መካከል የሚገኘውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክ ከሐይቅ የወጡ መነኩሴ እንደሆኑ ይነገራል፤ የታቦቱም ስም አንድ ነው። ዳጋ ላይ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚሄድ ጎብኚ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ደሴት አይቶ ይመለሳል። በዓለም ባሕሮች ላይ በትልልቅ መርከብ የሚጓዙ መንገደኞች በየደሴቱ ጥቂት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ ፎቶ አንስተው፣ ዕቃ ገዝተው ወደ መርከቡ ይመለሳሉ። የጣና ጉብኝትም ወደዚያው እየቀረበ ነው። ሐይቅ እስካሁን ከዚህ ችኮላ ድኗል፤ ወደ ገዳሙ የሚሄደው በአብዛኛው ለመሳለም ነው። የቦረናና የሳይንት ደጋ በእነዚህ በሁለቱ ሐይቆች መካከል መቀመጡን ካርታ የዘረጋ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ በምሥራቁ ሐይቅ፣ በምዕራቡ ጣና፣ በመካከል ገደል ያጠረው አገር።

ውሃው ራሱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በ1970 ዓ.ም ገደማ ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት አንዱ አምባዛ ነው። ቆሮሶው ተባዝቶ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ዛሬ በዳርቻው የሚቀርበው ጥብስ ዓሣ በአብዛኛው እሱ ነው፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ትኩሱን ሲበላ ይጣፍጣል። ተመራማሪዎች ግን ሌላም ነገር ጽፈዋል። ጥቃቅኑ የዓሣ ጫጩት ውሃ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ይበላል፤ እነዚህ ደቃቅ እንስሳት ደግሞ አልጌውን የሚበሉ ነበሩ። እነሱ ሲያንሱ አልጌው በረታ፣ ድሮ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ውሃም አረንጓዴ እየያዘው መጣ። ከዙሪያው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርና ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ ያባብሰዋል። ዓሣውን ማጥፋት አይቻልም፣ አይገባምም፤ ኮረብታውን ማልበስ ግን ይቻላል። ደንቆሮ ጫካን መጠበቅ የቻለ ዞን የሐይቅን ዙሪያ ችግኝ ማልበስ አያቅተውም።

ከመካነ ሰላም የሚነሳ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደሴ ማደር አለበት። በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይዞ ሐይቅ ከተማ ይወርዳል፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሊበረታ ስለሚችል ጀልባውን ከረፋዱ በፊት መያዝ ይሻላል። ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳያዩ መሳፈር አይገባም፤ ጥልቀቱ ከዳሩ ጥቂት ሲራቅ ይጀምራልና። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲሄዱ በጀልባ፣ ሲመለሱ በእግር ቢሆን ይመረጣል፤ የደረቀውን አንገት የረገጠ ሰው ውሃው ምን ያህል እንደሸሸ በራሱ እግር ያውቀዋል። በገዳሙ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ የሚነሳው በፈቃድ ነው፣ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዞ የገባ ይዞት ይወጣል። መጽሐፉን ለማየት አበምኔቱን በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዓል ከሆነ ወይም ኃላፊው ከሌሉ ላይሳካ ይችላል፣ ያኔ ቅር ሳይሉ መመለስ ነው። አባቶች ፈቅደው ወንጌሉን ከገለጡ ግን ገጹን በእጅ አትንኩ፣ ፍላሽም አታብሩ።